ከስብከት መድረክ ወደ ምናብ ዓለም፦ የስኮትላንዳዊው ደራሲ የጆርጅ ማክዶናልድ ሕይወት

የናርንያን ታሪኮች ያነበበ፣ የቶልኪንን ‹ሆቢት› የሚያውቅ፣ ወይም በልጅነቱ የአሊስን ጉዞ ሲተረክለት የሰማ ሰው በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ነው። ከሦስቱም ሥራዎች ታሪክ ጋር ስሙ የሚነሣ አንድ ደራሲ መኖሩን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። የመጀመሪያውን ደራሲ ወደ ምናብ ዓለም መርቶታል፤ ለሁለተኛው የከርሰ ምድር ፍጡራንን ሥዕል አውርሶታል፤ የሦስተኛው ድርሰት ለኅትመት እንዲበቃም ቤተሰቡ ድርሻ ነበረው። ይህ ሰው ጆርጅ ማክዶናልድ ይባላል። በዘመኑ ስመ ጥር ገጣሚ፣ ደራሲና ተናጋሪ የነበረ፣ ከ50 በላይ መጻሕፍትን ለትውልድ ያበረከተ፣ ዛሬ ግን ከእርሱ በተማሩት ሰዎች ዝና ጥላ ሥር የቀረ ስኮትላንዳዊ ነው።

ማክዶናልድ በኖረበት የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብሪታንያ የፋብሪካ ጢስ ከተሞችን የሸፈነበት፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ግኝቶች ነባር እምነቶችን የፈተኑበት፣ የሳንባ ነቀርሳም በየቤቱ እየገባ ወጣቶችን የሚቀጥፍበት ጊዜ ነበር። እርሱም ድህነትን፣ በሽታንና የልጆች ሞትን በገዛ ቤቱ አይቷል። በዚህ ሁሉ መካከል የጻፋቸው ምናባዊ ታሪኮች የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው። ሰው የሚወደውን ሁሉ ሊያጣ በሚችልበት ዓለም ውስጥ በጎነት የሚታመን ነገር ነውን? ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ የሚታየው ከድርሰቶቹ ጋር ሕይወቱን አብሮ ለሚመለከት ሰው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሀንትሊ ልጅ

ጆርጅ ማክዶናልድ ዲሴምበር 10 ቀን 1824 በሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ፣ በአበርዲንሻየር ግዛት በምትገኘው ሀንትሊ በተባለች አነስተኛ ከተማ ተወለደ። ከተማዋ በሁለት ወንዞች መካከል የተቆረቆረች ስትሆን በዳርቻዋ የፈረሰ የመሳፍንት ግንብ ይገኛል። ቤተሰቡ በ1692 በግሌንኮ ሸለቆ በማክዶናልድ ጎሣ ላይ ከተፈጸመው እልቂት ከተረፉት ወገኖች እንደሚወለድ ይተርክ ነበር። በአጠቃላይ አካባቢው የጥንት ውጊያዎች፣ የመናፍስትና የጫካ ፍጡራን ታሪኮች በክረምት ምሽት በእሳት ዳር የሚወሩበት አገር ነበር። ሕፃኑ ጆርጅ እነዚህን ተረቶች እየሰማ አደገ።

አባቱ ከወንድሙ ጋር ሆኖ እርሻ ያርስና የበፍታ ጨርቅ የማንጣት ሥራ ይሠራ ነበር። ይህ ሰው በነቀርሳ የተመታ እግሩ ማደንዘዣ ባልነበረበት ዘመን ሲቆረጥ ሕመሙን በትዕግሥት የቻለ፣ በችግር ጊዜም ቀልድና ፈገግታ የማይለየው ነበር። እናቱ ሄለን ልጇ ገና ስምንት ዓመት ሳይሞላው በ1832 በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ሕፃኑ እናቱን ያጣው ገና ጡት ስለ ማስጣሉ የጻፈችው አንድ ደብዳቤ ትዝታ ሆኖ በእጁ እስኪቀር ድረስ ነበር ለማለት ይቻላል፤ ጆርጅም ይህን ደብዳቤ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ አኑሮታል። አባቱ በ1839 እንደገና ሲያገባ ወደ ቤቱ የገባችው የእንጀራ እናት ማርጋሬት ደግ ሴት ስለነበረች ልጁ ከእናቱ ሞት በኋላም የቤት ፍቅር አልጎደለበትም።

ከሁሉም በላይ በማክዶናልድ አስተሳሰብ ላይ የማይፋቅ ማኅተም ያሳረፈው የአባቱ ጠባይ ነው። አባቱን ለምኖት ያልተሰጠው ነገር እንዳልነበረ ካደገ በኋላ ይናገር ነበር። ብዙ የዘመኑ ጸሐፊዎች ከአባቶቻቸው ጋር የተጣሉ፣ በጽሑፋቸውም አባትን እንደ ጨቋኝ የሣሉ ናቸው። ማክዶናልድ ግን የፈጣሪን ቸርነት ያወቀው በአባቱ ቸርነት በኩል ነበር።

ከቤት ውጭ የነበረው የሃይማኖት ትምህርት ከዚህ የተለየ ነበር። በዚያን ጊዜ በስኮትላንድ የጸናው የካልቪን አስተምህሮ ፈጣሪ አንዳንዶችን ለመዳን፣ ሌሎችን ለጥፋት አስቀድሞ መርጧል ብሎ ያስተምር ነበር። ልጁ ይህን ትምህርት በተረዳ ጊዜ ከተመረጡት ወገን ነህ እየተባለም እንኳ ምርር ብሎ እንዳለቀሰ ይነገራል። ያለቀሰው ለራሱ ፈርቶ አልነበረም፤ ከፍቅሩ የሚቀር ሰው ካለ እንዲህ ያለውን አምላክ ለመውደድ ስለተቸገረ ነው። አጥባቂ የነበረችው አያቱ ደግሞ የአጎቱን ቫዮሊን የሰይጣን ወጥመድ ነው ብላ እንዳቃጠለች በቤተሰቡ ይተረክ ነበር፤ ማክዶናልድ ይህን ታሪክ ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1868 በታተመው ‹ሮበርት ፋልከነር› በተባለው ልብ ወለዱ ውስጥ አስገብቶታል። አያቱንም በጥላቻ አልሣላትም። ከጥብቅነቷ በስተጀርባ ያለውን ሥጋትና ፍቅር ለማሳየት ጥሯል።

ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና የጀርመን ተረቶች

በ1840 ማክዶናልድ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ በአበርዲን ወደሚገኘው ኪንግስ ኮሌጅ ገባ። የተማረው ኬሚስትሪና ፊዚክስ ነው፤ በ1845ም በማስተርስ ዲግሪ ተመረቀ። ወደ ምናብ ዓለም የገባው ሰው የሳይንስ ተማሪ መሆኑ የሚያስገርም ቢመስልም በድርሰቶቹ ውስጥ ብርሃን፣ ውኃ፣ ማዕድንና ስበት በእውቀት የተነገሩት ከዚህ የተነሣ ነው። ‹ቀላሏ ልዕልት› የተባለው ተረቱ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በእርግማን ምክንያት የምድር ስበት የማይዛት ልጅ በአየር ላይ እየተንሳፈፈች ታድጋለች፤ ከሰውነቷ ጋር ልቧም ክብደት ስላጣ ማዘን አትችልም። እንባዋ የሚወርደው ስለ እርሷ ሲል ለመሞት የቆረጠ ሰው ባየች ጊዜ ነው። በዚያችው ቅጽበት ክብደቷም ይመለሳል።

በተማሪነት ዘመኑ ገንዘብ አጥሮት ትምህርቱን አቋርጦ በነበረበት ወቅት በሰሜን ስኮትላንድ በሚገኝ የአንድ ታላቅ ቤተሰብ ቤት መጻሕፍትን የመመዝገብ ሥራ እንደሠራ የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ። በልቦለዶቹ ውስጥ ደጋግሞ የሚታየው አቧራ የለበሰ ሰፊ ቤተ መጻሕፍት ምንጩ ይህ ነው ተብሎ ይታመናል።

በወጣትነቱ በጥልቀት ያነበባቸው የጀርመን ደራሲዎች የጽሑፉን አቅጣጫ ወስነዋል። ከእነርሱም ቀዳሚው እጮኛውን በሞት ተነጥቆ ከሐዘኑ ውስጥ ግጥም ያፈለቀው፣ ራሱም በ1801 ገና በ28 ዓመቱ የሞተው ኖቫሊስ ነበር። ማክዶናልድ 12 የኖቫሊስን መንፈሳዊ መዝሙሮች ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ በ1851 ለወዳጆቹ ስጦታ እንዲሆኑ አሳተመ። ከኢ. ቲ. ኤ. ሆፍማን ተአምርን ከተራው የቀን ተቀን ኑሮ ጋር ማጣመርን ተማረ። ፍሪድሪክ ፉኬ የጻፈውን የውኃ መንፈስ የሆነችውን የ‹ኡንዲን›ን ታሪክ ደግሞ ከሚያውቃቸው ተረቶች ሁሉ እጅግ ውቡ አድርጎ ይቆጥረው ነበር። ከእንግሊዝ ጸሐፊዎችም ሼክስፒር፣ ስፔንሰርና ጆን በንየን መምህሮቹ ነበሩ።

መድረኩን ያጣ ሰባኪ

ከዩኒቨርሲቲ በኋላ ማክዶናልድ ወደ ለንደን ሄዶ በቤት ውስጥ አስጠኚነት ጥቂት ጊዜ ሠራ። በ1848 በሃይበሪ የሥነ መለኮት ኮሌጅ ትምህርት ጀመረ፤ በ1850ም በደቡብ እንግሊዝ በምትገኘው አረንደል ከተማ የአንዲት የኮንግሪጌሽናል ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ሆነ። ሥራውን እንደጀመረ ከሳንባው ደም በመትፋቱ ለሳምንታት አልጋ ላይ ዋለ። በማርች 1851 ሉዊዛ ፓውልን አገባ፤ ትዳራቸውም ግማሽ ምዕተ ዓመት የዘለቀ ሆነ።

የአረንደል ቆይታው ግን አጭር ነበር። በስብከቶቹ ውስጥ የፈጣሪ ምሕረት ከሞት በኋላም ላይቋረጥ እንደሚችል፣ የወንጌል ድምፅ ያልሰሙ ሕዝቦችም ተስፋ እንዳላቸው፣ እንስሳት እንኳ ከፈጣሪ ርኅራኄ ውጭ እንዳይደሉ ማመልከቱ አንዳንድ የጉባኤውን አባላት አስቆጣ። በጀርመን ሥነ መለኮት ተበክሏል የሚል ክስም ቀረበበት። የቤተ ክርስቲያኒቱ ኃላፊዎች በግልጽ ከማባረር ይልቅ የዓመት ደመወዙን ከ150 ፓውንድ ወደ 115 ፓውንድ ዝቅ አደረጉት። በቤቱ ሕፃን ልጅ ነበረች፤ ሌላም ይጠበቅ ነበር። ማክዶናልድ በተቀነሰው ደመወዝ ለመኖር ዝግጁ መሆኑን ገለጸ እንጂ ሐሳቡን አልለወጠም። ቅራኔው እየበረታ በመሄዱ በ1853 በፈቃዱ ሥራውን ለቀቀ።

ከዚህ በኋላ ወደ ማንችስተር ሄዶ ያለ ቋሚ ገቢ ንግግር በማድረግና በማስተማር ቤተሰቡን ማስተዳደር ያዘ። የዕለት ጉርስ የሚታሰብበት፣ ወዳጆች የሚልኩት ጥቂት ገንዘብ በጉጉት የሚጠበቅበት ጊዜ ነበር። በ1855 ያሳተመው ‹በውስጥና በውጭ› የተባለ ረጅም ድራማዊ ግጥም የገጣሚው የሎርድ ባይረንን ባለቤት የሌዲ ባይረንን ልብ ነካ። እመቤቲቱም ደጋፊው ሆነች፤ ሳንባው ከእንግሊዝ ብርድ እንዲያርፍም ከ1856 እስከ 1857 ያለውን ክረምት በአልጀርስ እንዲያሳልፍ ወጪውን ሸፈነችለት።

‹ፋንታስቲስ› እና የአዲስ ሥነ ጽሑፍ ልደት

በ1858 ማክዶናልድ ‹ፋንታስቲስ› የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ። በእንግሊዝኛ ቋንቋ ለአዋቂዎች ተብለው ከተጻፉት የመጀመሪያዎቹ ምናባዊ ልብ ወለዶች አንዱ ነው። ባለታሪኩ አኖዶስ 21 ዓመት በሞላው ማግስት ከእንቅልፉ ሲነቃ የመታጠቢያ ሳህኑ ሞልቶ በመኝታ ክፍሉ ወለል ላይ እንደ ምንጭ ይፈስሳል፤ የምንጣፉ አበቦች እውነተኛ ሣር ሆነው ይወዛወዛሉ፤ የአልጋው መጋረጃ ወደ ቅርንጫፍነት ይለወጣል። አኖዶስ የውኃውን ፈለግ ተከትሎ ወደ ተረት አገር ይገባል። እዚያም በማይገባበት በር ሲገባ አንድ ጥላ ይቆራኘዋል። ጥላው የሚያርፍበት ነገር ሁሉ ውበቱን ያጣል። አኖዶስ ከጥላው የሚላቀቀው ኩራቱን ትቶ ሌላውን ማገልገል ሲማር፣ በመጨረሻም ሕይወቱን አሳልፎ ሲሰጥ ነው።

መጽሐፉ በወጣበት ዓመት ማክዶናልድ አባቱንና ወንድሙን በሞት አጣ። የዘመኑ ተቺዎችም ድርሰቱን በቀዝቃዛ ስሜት ተቀበሉት፤ ብዙዎቹ ትርጉሙ የተሸሸገ ግራ አጋቢ ነገር አድርገው ቆጠሩት። አሳታሚዎች ገበያ የሚያገኘው እውነታዊ ልብ ወለድ መሆኑን ስለነገሩት ማክዶናልድ በስኮትላንድ ገጠር ሕይወት ላይ ያተኮሩ ረጃጅም ልብ ወለዶችን መጻፍ ጀመረ። በ1863 የወጣው ‹ዴቪድ ኤልጊንብሮድ› እና በ1865 የተከተለው ‹አሌክ ፎርብስ› ዝና አስገኙለት። የገጠሩን ሕዝብ ስኮትላንድኛ በሙሉ ክብሩ በገጸ ባሕርያቱ አንደበት ማስገባቱ ለአገሩ ሥነ ጽሑፍ ትልቅ አስተዋጽኦ ሆኖ ይቆጠራል። እንጀራ የሆኑት እነዚህ መጻሕፍት ነበሩ፤ ልቡ ግን ወደ ተረቱ ዓለም መመለሱን አልተወም።

የአሊስ ደራሲ ወዳጅ

በመንተባተብ ሕክምና በሚታወቅ አንድ ባለሙያ በኩል ማክዶናልድ ከኦክስፎርዱ የሒሳብ መምህር ከቻርልስ ዶጅሰን ጋር ተዋወቀ። ዶጅሰን በኋላ ልዊስ ካሮል በሚለው የብዕር ስሙ ዓለም ያወቀው ሰው ነው። ለአንዲት ልጅ ብሎ የጻፈውን ታሪክ ያሳትመው ወይስ ይተወው ብሎ በሚያመነታበት ጊዜ ረቂቁን ለማክዶናልድ ቤተሰብ ሰጠ። ሉዊዛ ለልጆቿ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላቸው። ትንሹ ልጅ ግሬቪል ከዚህ መጽሐፍ 60 ሺህ ቅጂ ቢኖር ምንኛ ጥሩ ነበር ብሎ ተመኘ። የልጆቹ ደስታ ዶጅሰንን አደፋፈረው፤ የአሊስ ታሪክም በ1865 ለኅትመት በቃ።

ማክዶናልድና ሉዊዛ 11 ልጆች ወልደዋል። በለንደን ሃመርስሚዝ የነበረው ቤታቸው ለድሆች ምሳ የሚዘጋጅበት፣ የቤተሰቡ አባላት ራሳቸው ቴአትር የሚያሳዩበት፣ ደራስያንና ሠዓልያን የሚሰበሰቡበት ነበር። ማክዶናልድ ለልጆች የሚታተም አንድ መጽሔት በአዘጋጅነት በመራባቸው ዓመታት ከሁሉም በላይ የታወቁለትን የልጆች መጻሕፍት ጻፈ። የሚጽፈው ለልጆች ብቻ ሳይሆን ዕድሜያቸው ምንም ያህል ቢሆን የልጅ ልብ ላላቸው ሁሉ መሆኑን ይገልጽ ነበር።

በ1871 በመጽሐፍነት የወጣው ‹ከሰሜን ነፋስ በስተጀርባ› የአንድ የለንደን ድሃ ባለ ጋሪ ልጅ የሆነውን የዳይመንድን ታሪክ ይተርካል። ልጁ ከፈረሶች ጋጣ በላይ ባለው የጣውላ ቆጥ ላይ ይተኛል። በጣውላው ቀዳዳ የሚገባው የሰሜን ነፋስ ረጅም ጸጉር ያላት ውብ ሴት ሆና ትታየውና በከተማይቱ ላይ ይዛው ትበራለች። ያቺው ደግ ሴት መርከብም ታሰጥማለች። ልጁ ሁለቱ ሥራዎች በአንድ እጅ እንዴት እንደሚፈጸሙ ይጠይቃል፤ ደራሲውም ቀላል መልስ አይሰጠውም። በመጽሐፉ ፍጻሜ ዳይመንድ ሞቶ ይገኛል፤ ታሪኩን የሚነግረን ሰው ግን ልጁ ወደ ሰሜን ነፋስ አገር መሄዱን ያምናል። ልጆችን በሞት ለሚያጡ ለዚያ ዘመን ቤተሰቦች መጽሐፉ ከተረት በላይ ነበር።

በ1872 የታተመው ‹ልዕልቲቱና ጎብሊኑ› በተራራ ሥር የሚኖሩ ጎብሊን የሚባሉ ክፉ ፍጡራን ልዕልት አይሪንን ለመጥለፍ ሲያሴሩ፣ ከርዲ የተባለ የማዕድን ቆፋሪ ልጅ ሤራቸውን ሲያከሽፍ ያሳያል። በቤተ መንግሥቱ ሰገነት ላይ ለሌሎች የማትታይ የልዕልቲቱ ቅድመ አያት ተቀምጣ ፈትል ትፈትላለች። ለልጅቱ የሰጠቻት ክር በዓይን የማይታይ ሲሆን በጣት ግን ይዳሰሳል። ልዕልቲቱ በጨለማው ዋሻ ውስጥ የምትሄደው ይህን ክር በመከተል ነው። ከርዲ ክሩን ሊዳስሰው ስለማይችል አያምናትም፤ ያለ ማመኑም ስህተት መሆኑን ቆይቶ ይገነዘባል።

የአሜሪካ ጉዞና የቤት ሐዘን

በ1872 ማክዶናልድ ከሉዊዛና ከግሬቪል ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግሮ እስከ 1873 ድረስ በየከተማው ስለ ሼክስፒርና ስለ ስኮትላንዱ ባለቅኔ ሮበርት በርንስ ንግግር አደረገ። አዳራሾቹ በሕዝብ ይሞሉ ነበር። ከኤመርሰን፣ ከሎንግፌሎውና ከማርክ ትዌይን ጋርም ተዋወቀ። በአሜሪካ መጻሕፍቱ በሰፊው ይነበቡ እንጂ የውጭ ደራስያንን የሚጠብቅ የቅጂ መብት ሕግ ስላልነበረ አሳታሚዎች ያለ ክፍያ ያባዟቸው ነበር። በኒውዮርክ የሚገኝ አንድ ባለጸጋ ጉባኤ በዓመት 20 ሺህ ዶላር ደመወዝ ሰባኪ እንዲሆን ቢጠይቀውም አልተቀበለም። በ115 ፓውንድ ምክንያት ሐሳቡን ያልሸጠው ሰው በ20 ሺህ ዶላርም ነፃነቱን አልሸጠም። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1877 የ100 ፓውንድ የዓመት ጡረታ እስክትፈቅድለት ድረስ ቤተሰቡ ከዕዳ ጋር ሲታገል ቆይቷል።

ከዚያ በኋላ ሞት ተከታትሎ መጣ። ሜሪ በ1878 በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። የ15 ዓመቱ ሞሪስ በ1879 ተከተላት። ግሬስ በ1884፣ የበኩር ልጁ ሊሊያም በ1891 አረፉ። ሊሊያ በቤተሰቡ ቴአትር ታላቅ ተዋናይ ልትሆን ትችል የነበረች፣ በታመሙ ወዳጆቿ አልጋ አጠገብ በማስታመም ራሷን የሰጠች ሴት ነበረች፤ ሞቷም ከምታስታምማት ጓደኛዋ በያዛት በሽታ ነው። ቤተሰቡ ለጤና ተስማሚ አየር ፍለጋ ከ1880 ጀምሮ በሰሜን ጣልያን የባሕር ጠረፍ በምትገኘው ቦርዲጌራ ኖሯል። ለቤታቸው የሰጡት ስም በጣልያንኛ የብርታት ቤት ማለት ነው።

ማክዶናልድ በእነዚህ ዓመታት ስለ ምናብ ያለውን አስተሳሰብ በአንድ መጣጥፍ በግልጽ አስቀምጧል። በ1893 በታተመው በዚህ ጽሑፍ ደራሲ በሚፈጥረው ዓለም ውስጥ የተፈጥሮን ሕግ እንደፈቀደ ሊለውጥ ይችላል ይላል፤ ወንዝ ሽቅብ ቢፈስስ፣ እንስሳ ቢናገር ችግር የለም። የመልካምና የክፉ ሕግ ግን በየትኛውም ዓለም ሊገለበጥ አይችልም። ክፉውን ሰው መልካም፣ መልካሙንም ክፉ ብሎ የሚያቀርብ ተረት ውሸት ነው። ይህ የደራሲው ማዕከላዊ እምነት ነው። ከአባቱ ቤት ያገኘው፣ አረንደል ላይ ደመወዝ የከፈለበት፣ በአራት ልጆቹ መቃብር ላይ የተፈተነ እምነት ነበር።

የመጨረሻው ታላቅ ሥራው ‹ሊሊት› በ1890 ተጀምሮ፣ ደጋግሞ ተጽፎ በ1895 ታተመ። ታሪኩ ከአይሁድ ጥንታዊ ትውፊት ሊሊት የተባለችውን የአዳምን የመጀመሪያ ሚስት ይወስዳል። ቬን የተባለው ወጣት በቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በቁራ መልክ የሚታየውን አሮጌ የመጻሕፍት ጠባቂ ተከትሎ በመስታወት አልፎ ወደ ሌላ ዓለም ይገባል። እዚያ የሞቱ ሰዎች በአንድ ሰፊና ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ ተኝተው ንጋትን ይጠብቃሉ። ክፉዋ ሊሊት እንኳ ከረጅም ትግል በኋላ የጨበጠችውን እጇን ለመልቀቅ ፈቅዳ ከሚያንቀላፉት ጋር ትተኛለች። መጽሐፉ ጨለማው የበዛ በመሆኑ ሉዊዛን አስጨንቋት ነበር። ሆኖም ወጣቱ ሰባኪ በአረንደል የተናገረው የማይቋረጥ ምሕረት ተስፋ ከ40 ዓመታት በላይ ቆይቶ በዚህ ድርሰት ተመልሶ ይታያል።

ዝምታና ዕረፍት

ከ1898 አካባቢ ጀምሮ በስትሮክ የተመታው ደራሲ ንግግሩን እያጣ ሄደ። በሺዎች ፊት ይናገር የነበረው ሰው የመጨረሻ ዓመታቱን በዝምታ አሳለፈ። በ1901 ከሉዊዛ ጋር 50ኛ የጋብቻ በዓላቸውን አከበሩ፤ በጃንዋሪ 1902 እርሷ በቦርዲጌራ ሞተች። ከዚያ በኋላ በር በተከፈተ ቁጥር እርሷ የገባች መስሎት ቀና ብሎ ይመለከት እንደነበር ይነገራል። ማክዶናልድ ሴፕቴምበር 18 ቀን 1905 በእንግሊዝ ሰሪ ግዛት፣ አሽቴድ በተባለች ስፍራ በ80 ዓመቱ አረፈ። አመዱም በቦርዲጌራ በሉዊዛ መቃብር አጠገብ ተቀበረ።

ያነቃቸው ደራስያን

በማርች 1916 አንድ የ17 ዓመት ወጣት በደቡብ እንግሊዝ በሚገኝ የባቡር ጣቢያ ከነበረ የመጻሕፍት መደብር ‹ፋንታስቲስ›ን ገዛ። ወጣቱ ሲ. ኤስ. ሉዊስ ነበር፤ በዚያን ጊዜ በአምላክ መኖር አያምንም ነበር። በዚያ ምሽት ምናቡ እንደ አዲስ እንደተጠመቀ በኋላ ዘመኑ መስክሯል። የናርንያ ደራሲ ለመሆን ከበቃ በኋላ ማክዶናልድን መምህሩ አድርጎ ይጠራው ነበር። ስለ መንግሥተ ሰማያት በጻፈው አንድ ልብ ወለድ ውስጥም ማክዶናልድን በገጸ ባሕርይነት አስገብቶ መንገድ መሪው አድርጎታል። በ1946 ደግሞ ከጽሑፎቹ የመረጣቸውን 365 ምንባቦች በአንድ መጽሐፍ ሰብስቦ አሳተመ። ያም ሆኖ ሉዊስ ጭፍን አድናቂ አልነበረም፤ የማክዶናልድ ዓረፍተ ነገር አንዳንዴ የሚንዛዛ መሆኑን አምኖ፣ ታላቅነቱን ያየው አዳዲስ አፈ ታሪኮችን በመፍጠር ችሎታው ላይ ነው።

ጂ. ኬ. ቼስተርተን ‹ልዕልቲቱና ጎብሊኑ› በልጅነቱ መላ ሕይወቱን የሚያይበትን መንገድ እንደለወጠ ጽፏል። ጄ. አር. አር. ቶልኪን በበኩሉ በተራሮች ሥር ለሚኖሩት ጎብሊኖቹ የማክዶናልድ ባለዕዳ መሆኑን አምኗል፤ እግራቸው ለስላሳና በቀላሉ የሚጎዳ ነው የሚለውን ብቻ ፈጽሞ አምኖት እንደማያውቅ ገልጿል። በሸመገለ ጊዜ ‹የወርቅ ቁልፍ› ለተባለው የማክዶናልድ ተረት መቅድም እንዲጽፍ ተጠይቆ ነበር። ታሪኩን እንደገና ሲያነበው አልጣመውም፤ መቅድሙንም አልጨረሰም። ነገር ግን ለመቅድሙ ምሳሌ ይሆናል ብሎ የጀመረው አጭር ተረት አድጎ በ1967 የታተመው የመጨረሻዎቹ ዓመታት ድርሰቱ ሆነ። ማክዶናልድ ያልወደደውን አንባቢ እንኳ ለመጻፍ ያነሣሣ ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ምናባዊ ልብ ወለድ በዓለም ገበያ ከፍተኛ ስፍራ ይዟል፤ በፊልምም በመጽሐፍም ሚሊዮኖች ይከተሉታል። ብዙዎቹ በመጋረጃ፣ በመስታወት ወይም በቁም ሣጥን በኩል ወደ ሌላ ዓለም ሲገቡ የማንን ፈለግ እንደሚከተሉ አያውቁም። ማክዶናልድ ከመድረክ እንዲወርድ ያደረገውን ሐሳብ በተረት መልክ ለልጆች ነገራቸው፤ ልጆቹ አድገው ሌሎች ልጆች የሚወዷቸውን ታሪኮች ጻፉ። ደመወዙን የቀነሱበት ሰዎች ድምፁን ከአንዲት አነስተኛ ከተማ ሊያርቁት ፈልገው ነበር። ድምፁ ግን ስሙን በማያውቁ አንባቢዎች ዘንድ ሳይቀር እስከ ዛሬ ይሰማል።